ከዳግም ማስነሣት በኋላ የማይታየው ድራይቭ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሂሳብ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ላፕቶፔ ያለው ሲ ድራይቭ ብቻ ስለሆነ የደንበኞቼን የፒችትሪ (የሂሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም) ፋይሎች ለይቼ ለማስቀመጥ፣ አንድ ወዳጄ ባሳየኝ መንገድ የ100 ጊጋባይት ቨርቹዋል ዲስክ ፈጥሬ ኢ የሚል ፊደል ሰጠሁት። ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ሠራሁበት። ባለፈው መብራት ጠፍቶ፣ የላፕቶፑም ባትሪ አልቆ ከተዘጋ በኋላ መልሼ ስከፍተው ግን ኢ ድራይቭ የለም። ሥራዬ ጠፋ ማለት ነው? ቀደም ሲል የዲስኩን ፋይል ወደ ፍላሽ ልገለብጠው ስሞክርም፣ ፍላሹ 32 ጊጋባይት ሆኖ ሳለ 9 ጊጋባይቱን ፋይል በጣም ትልቅ ነው ብሎ አልተቀበለኝም።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሥራዎ እዚያው ያለ ይመስለኛል። ቨርቹዋል ዲስክ በሲ ድራይቭዎ ላይ የተቀመጠ አንድ ፋይል ነው፤ ዊንዶውስ ያንን ፋይል ሲያያይዘው እንደ ራሱን የቻለ ሃርድ ዲስክ ያሳየዋል፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ግን በአብዛኛው በራሱ መልሶ አያያይዘውም። ስለዚህ የጠፋው ግንኙነቱ እንጂ ፋይሉ አይደለም። ፋይሉን ያስቀመጡበትን ፎልደር ከፍተው ሁለት ጊዜ ክሊክ ያድርጉት። ካልሆነ የጀምር ቁልፉን በቀኝ ክሊክ አድርገው ዲስክ ማኔጅመንትን ይክፈቱ፤ ከአክሽን ዝርዝር ውስጥ አታች ቪኤችዲ (ቨርቹዋል ዲስክ አያይዝ) የሚለውን መርጠው ፋይሉን ያሳዩት። ቨርቹዋል ዲስኩ ከታች ከእውነተኛው ዲስክ ቀጥሎ በፈዛዛ ሰማያዊ ምልክት ይታያል። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ ዲስኩን ኢኒሻላይዝ (እንደ አዲስ ማዘጋጀት) ወይም ፎርማት ላድርገው ብሎ ከጠየቀዎት እባክዎ እሺ አይበሉ። ይህ ጥያቄ ትክክል የሚሆነው ዲስኩ አዲስ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሥራ ባለበት ዲስክ ላይ ከመጣ የውስጡ መዋቅር ተጎድቷል ማለት ስለሆነ፣ ካንስል ብለው መጀመሪያ ፋይሉን ሌላ ቦታ ይገልብጡት።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመረጡት የዲስክ ዓይነት ነው። 100 ጊጋባይት ብለው የፈጠሩት ዲስክ ፋይሉ 9 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ፣ የሠሩት እየሰፋ የሚሄደውን ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት በጥቂት ሜጋባይት ይጀምርና ውስጡ በተሞላ ቁጥር ያድጋል። አደጋው፣ ኢ ድራይቭ 91 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አለኝ እያለ ሲ ድራይቭ ላይ ግን የቀረው 15 ጊጋባይት ሊሆን መቻሉ ነው፤ ሲ ሲሞላ ኢ ላይ መጻፍም ሳይታሰብ ይቆማል፣ በዚያ መሃል የሚመዘገብ ሂሳብም ሊበላሽ ይችላል። ከውስጡ ፋይል ስላጠፉም የዲስኩ ፋይል ወዲያው አይቀንስም፤ ለዚያ ዲስኩን ኢጀክት ብለው፣ ዲስክፓርት በሚባለው የዊንዶውስ የትእዛዝ መሣሪያ ኮምፓክት ቪዲስክ የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል። ለእንደ እርስዎ ያለ ሥራ እኔ የምመርጠው መጠኑ ቋሚ የሆነውን ነው፦ 30 ጊጋባይት ካሉት ገና ሲፈጠር 30 ጊጋባይቱን ከሲ ላይ ይይዛል፣ በኋላ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም።

የዲስኩን ፋይል ፎርማትም ሲመርጡ ቪኤችዲኤክስ ይበሉት። አሮጌው ቪኤችዲ ከ2009 ጀምሮ በዊንዶውስ 7 ላይ በዲስክ ማኔጅመንት የሚፈጠር ሲሆን ጣሪያው 2 ቴራባይት ያህል ነው፤ በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣው ቪኤችዲኤክስ ግን እስከ 64 ቴራባይት ይደርሳል። ለእርስዎ መጠኑ ቁም ነገር አይደለም። ቁም ነገሩ ቪኤችዲኤክስ በራሱ መዋቅር ላይ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚጽፍ፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ የዲስኩ ፋይል እንዳይበላሽ የተሻለ ጥበቃ ያለው መሆኑ ነው። ያልተቀመጠ ሥራን ግን እሱም አያድንም።

ፍላሹ እምቢ ያለው ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በፍላሹ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ ካስቀመጡ በኋላ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ብለው ፎርማት ያድርጉት። ከመገልበጥዎ በፊት ፒችትሪን ይዝጉና ኢ ድራይቭን በቀኝ ክሊክ ኢጀክት ይበሉት፤ ዲስኩ ተያይዞ ሳለ የዲስኩን ፋይል መገልበጥ አይቻልም፣ ቢቻልም ቅጂው ግማሽ ሥራ ይዞ ሊቀር ይችላል። ኢ እና ሲ ያሉት በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ስለሆነ ያ ዲስክ ቢበላሽ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ የደንበኞችዎን የዓመት ሂሳብ ወደ ኢ ማዛወርዎን እንደ መጠባበቂያ አይቁጠሩት፣ ቅጂውን በየሳምንቱ ከላፕቶፑ ውጭ ያኑሩት።

ጥያቄ፦ ቨርቹዋል ዲስክ ቢሰረቅብኝ ሌላ ሰው ይከፍተዋል?

መልስ፦ አዎን፣ ማንኛውም ዊንዶውስ ያለው ሰው ይከፍተዋል። የዊንዶውስ ፕሮ ተጠቃሚ ከሆኑ ዲስኩን አያይዘው በቢትሎከር ይቆልፉት፤ በሆም ላይ ግን ቬራክሪፕት የተባለውን ነፃ ፕሮግራም መጠቀም ይችላሉ። የይለፍ ቃሉን ከረሱት፣ ቢትሎከር ሲቆልፉ የሚሰጥዎት የመልሶ ማግኛ ቁልፍም ከሌለዎት ግን የሚመልስልዎ የለም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጽፈው ከላፕቶፑ በተለየ ቦታ ይያዙ።