አሮጌው ዴስክቶፕ በላፕቶፕ ውስጥ፦ ጠይቁኝ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሰሞኑን ያረጀ ዴስክቶፕን ወደ ቨርቹዋል ማሽን ስለመቀየር የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። የድሮው ኮምፒውተር ከነዊንዶውሱና ከነፕሮግራሙ አንድ ትልቅ ፋይል ይሆንና አዲሱ ላፕቶፕ ውስጥ ይከፈታል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ገላን ሱቅ አለኝ። የ10 ዓመት ሂሳቤ ያለው አሮጌው ዴስክቶፕ ውስጥ፣ ፒችትሪ የሚባል የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ነው። ፋይሉን በፍላሽ ብገለብጠው አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም እህቴ። ፋይሉን የሚከፍተው ያው የድሮው ፒችትሪ ነው፤ ሲዲው ደግሞ ዛሬ የት ይገኛል? ዲስኩን እንዳለ ቅጂው። ዲስክቱቪኤችዲ የሚባል የማይክሮሶፍት ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ዊንዶውሱ እየሠራ ይቀዳል። ቪኤችዲኤክስ የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሺው፤ የፋይሉ ዓይነት ቪኤችዲ ይሁን። ሲስተም ሪዘርቭድ የምትባል ትንሽ ክፍል ካለች እሷንም ምረጫት፤ ያለ እሷ አይነሳም። ቅጂውን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጪ፤ ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን። ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቸገረው። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ቨርቹዋል ማሽን የሚከፍተውን ቨርቹዋልቦክስ የተባለ ፕሮግራም ጫኚ፣ አዲስ ማሽን ፍጠሪ፣ ዲስክ ሲጠይቅሽ ይህንኑ ፋይል ስጪው።

ጥያቄ፦ እንዳልከው አደረግኩ። ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፤ መጨረሻው ላይ 7ቢ ይላል።

መልስ፦ አይዞህ፣ ቅጂው አልተበላሸም። ዊንዶውሱ የሚነሳበትን ዲስክ ማግኘት አቅቶት ነው። የማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ ግባና ዲስኩን ሳታ ከሚባለው የዲስክ ማገናኛ ወደ ድሮው ዓይነት፣ ወደ አይዲኢ አዛውረው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይፈታል።

ጥያቄ፦ የእኔ ጭራሽ አይነሳም፣ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል።

መልስ፦ ዲስኩ ደህና ሊሆን ይችላል። ፈትተህ የራሱ ፓወር ባለው የሳታ ዩኤስቢ ገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘውና ከዚያ ቅዳው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው ንቀለው! ደጋግመህ አትሞክር። ዳታ ወደሚያወጣ ባለሙያ ውሰደው።

ጥያቄ፦ እየቀዳሁ መብራት ቢጠፋስ? እኛ ሰፈር አያስተማምንም።

መልስ፦ ሲቀዳ ከአሮጌው ዲስክ ማንበብ ብቻ ስለሆነ ሰነድህ አይነካም። ግማሽ የቀረውን ፋይል ደምስሰህ እንደገና ጀምር። ያረጀ ዲስክ ግን ድንገት መጥፋትን አይወድም፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ካለ ተዋስ።

ጥያቄ፦ የዕድራችን መዝገብ በድሮ የግዕዝ ፎንት ነው የተጻፈው። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል።

መልስ፦ ጋሼ፣ የድሮዎቹ ፎንቶች ፊደላችንን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ነበር ያስቀመጡት። ግዕዝ በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ፎንቱ አብሮ ስለሚመጣ መዝገቡ እንደ ድሮው ይነበባል። እዚያው ሆነው ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩት። የሰው ስምና የመዋጮ ታሪክ ነውና ዛሬ ነገ አይበሉ።

ጥያቄ፦ ላይሰንስና ኢንተርኔትስ?

መልስ፦ ዊንዶውሱ ዕቃው ተቀየረብኝ ብሎ እንደገና አክቲቬሽን ሊጠይቅ ይችላል። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ላይሰንስ ከዚያው ማሽን ጋር የታሰረ ነው፤ ሌላ ሊያስፈልግህ ይችላል። የቨርቹዋል ማሽኑን ኢንተርኔት ግን ዝጋው፤ ለድሮ ዊንዶውስ የደህንነት ጥገና አይመጣለትም። የኤክስፒ ድጋፍ በ2014፣ የዊንዶውስ 7 በ2020 እ.ኤ.አ. አብቅቷል።

ጥያቄ፦ አሮጌውን መቼ ልሽጠው?

መልስ፦ ቅጂውን ከፍተህ፣ አንድ ሪፖርት አትመህ፣ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቤት ካስቀመጥክ በኋላ። እስከዚያ ፎርማት እንዳታደርገው።