«ማንነት» የሚለውን ቃል ከመጠይቅሽ አውጪው

እህቴ፣ ደብዳቤሽንና አብረሽ የላክሽውን የጥናት ንድፍ አነበብሁ። ለሌሎች አንባቢዎች ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘሽ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በረዳት ምሩቅነት ተቀጥረሻል፤ ለፍሬሽ ተማሪዎች ጄኔራል ሳይኮሎጂ ታስተምሪያለሽ። ማስተርስሽን ጀምረሻል፤ መመረቂያሽን «የተማሪዎች ማንነትና በክፍል ውስጥ ያላቸው ተሳትፎ» በሚል ርዕስ መሥራት ትፈልጊያለሽ። ባልደረቦችሽ ግን «ርዕሱ እሳት ነው፤ እንጀራም አይሆንሽም፤ ቀለል ያለ ያዢ» እያሉሽ ነው። ንድፍሽ አራት ዩኒቨርሲቲዎችን፣ 400 ተማሪዎችንና 42 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ይዟል።

ርዕሱን አትተዪው፤ ንድፉን ግን አፍርሰሽ እንደገና ሥሪው። ስለ እንጀራው ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ከሁሉ በፊት «ማንነት» የሚለውን ቃል ከመጠይቅሽም ከፈቃድ ቅጽሽም አውጪው። በምርምር ጽሑፎች ውስጥ ቃሉ ሰፊ ነው፤ አንድ ልጅ ራሱን የገበሬ ልጅ፣ ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው ሰው፣ ሃይማኖተኛ፣ ጎበዝ ወይም የገጠር ልጅ ብሎ የሚያይበትን ሁሉ ያቅፋል። በዛሬው አማርኛ ግን «የማንነት ጥያቄ» ከሚለው የፖለቲካ አነጋገር ጋር ተጣብቋል። የ19 ዓመት ልጅን «ስለ ማንነትህ ንገረኝ» ብትዪው የሚሰማው «ብሔርህ ምንድን ነው? ከማን ወገን ነህ?» የሚል ነው። ወይ «ለእኔ ሁሉም እኩል ነው» የሚል የተጠና መልስ ይሰጥሻል፣ ወይ ዝም ይላል። ከዚያም የባሰ ጉዳት አለው፦ ቅጹ ላይ ቃሉን ያዩ ጥንቁቆች አይፈርሙም፤ የሚፈርሙልሽ ደፋሮቹ ብቻ ናቸው፤ አንቺ ልታጠኚ የተነሳሽው ደግሞ ዝም የሚሉትን ነው።

ታዲያ ከየት ትጀምሪያለሽ? ከሚታየው። አንድ መምህር «አምስት አምስት ሆናችሁ ግሩፕ ሥሩ» ሲል ቀጥሎ ያለውን አንድ ደቂቃ ተኩል ልብ በዪው። ከፊት ረድፍ ያለችው ወደ ኋላ ዞራ በዓይኗ የዶርም ጓደኛዋን ትፈልጋለች። ሦስት ልጆች ሳይነጋገሩ ወንበራቸውን ያጋጥማሉ። አንዱ ደብተሩን ያገላብጣል፤ የጎደለው ግሩፕ እስኪጠራው ድረስ ቀና አይልም። ስለ ዩኒቨርሲቲ ኑሮ ልትጠይቂው የፈለግሽው ነገር ሁሉ እዚያ ደቂቃ ውስጥ ተጠቅልሎ አለ፤ ማን ማንን ያምናል፣ በየትኛው ቋንቋ ይጠራራሉ፣ ማን ይተርፋል። መጠይቅ ይህን አይዘውም።

እንዲህ አድርጊው። አንድ ሴክሽን ምረጪ፤ ሃምሳ ያህል ተማሪ ቢኖረው ይበቃል። አንቺ የምታስተምሪው አይሁን። የመቀመጫ ካርታ በአንድ ገጽ ላይ ሥሪ። ስድስት ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጠሽ ቁጠሪ። ተማሪ በተናገረ ቁጥር በመቀመጫው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጊ፦ በራሱ ፈቃድ ሲሆን አንድ ዓይነት፣ መምህሩ ጠርቶት ሲሆን ሌላ ዓይነት፣ በእንግሊዝኛ ወይስ በሌላ ቋንቋ እንደሆነም ምልክት ይኑረው። የግሩፕ ሥራ ሲጀመር ማን ወደ ማን እንደሄደ በቀስት አሳዪ። ከስድስቱ ሁለቱን ከአንድ ባልደረባ ጋር ለየብቻ መዝግቡና አስተያዩ፤ ከአምስት ምልክት አራቱ ካልገጠመ የምልክቶቹ ትርጉም ግልጽ አይደለም ማለት ነውና አስተካክያቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሪ፤ መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ራሱ እስኪናገር ወይም ሌላ ተማሪ እስኪጠራ ስንት ሴኮንድ እንደሚቆይ ለኪ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ ከ50 ዓመት በፊት በትምህርት ቤቶች ያጠኑት ይህንኑ ነበር። መምህራን በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ይጠብቁ ነበር፤ ወደ ሦስት ሴኮንድ ሲያደርሱት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ለሚማር ልጅ አንድ ሴኮንድ ጥያቄውን ተርጉሞ ለመጨረስ እንኳ አይበቃም።

ይህን ያነሳሁት የንድፍሽ ትልቁ ቀዳዳ እዚህ ስለሆነ ነው። ዝምታን ሁሉ ለማንነት ሰጥተሽዋል። አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻው የተማረ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ይቀጥላል፤ ዩኒቨርሲቲም እንግሊዝኛ ነው። ክፍል ውስጥ ዝም ያለው ልጅ የፈራው ብሔሩን ይሁን ሰዋስውን በምን ትለዪዋለሽ? መለያው ያው ቆጠራሽ ነው። መድረኩ በእንግሊዝኛ ሲሆን ዝም ብሎ በግሩፕ ውስጥ ቋንቋው ሲለቀቅ የሚናገር ከሆነ ጉዳዩ ቋንቋ ሳይሆን አይቀርም። በሁለቱም ዝም የሚል ከሆነ፣ ወይም ከአንድ ዓይነት ግሩፕ ጋር ሲሆን ብቻ የሚናገር ከሆነ፣ ያኔ ያንቺ ጥያቄ ይጀምራል። ሴቶቹን ለብቻ አይተሽ አወዳድሪ፤ አለበለዚያ የጾታውን ጉዳይ ከሌላው ጋር ትቀላቅይዋለሽ።

ቃለ መጠይቁ ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ ከ12 እስከ 15 ሰው ይበቃል። የምትመርጪያቸው ከካርታሽ ነው፤ ብዙ የሚናገሩ፣ በግሩፕ ብቻ የሚናገሩ፣ ጭራሽ የማይናገሩ። ጥያቄሽ ስለ ድርጊት ይሁን፦ «ግሩፕ ሥሩ ሲባል መጀመሪያ ማንን አየህ? ለምን?» «ዶርም የገባህ ቀን አልጋህን እንዴት አገኘህ?» «ካፌ ከማን ጋር ትሄዳለህ?» «ልትናገር ፈልገህ የተውክበት ቀን አለ?» ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ከተማና ገጠር ራሳቸው ይመጣሉ። ሲመጡም ልጁ በራሱ ቃል ያመጣቸዋል፤ ለትንተናሽ የሚጠቅምሽ ያ ቃል ነው።

መጠይቁን ፈጽመሽ ጣዪው አልልም። 42ቱን ጥያቄዎች በከፊል የወሰድሽው ጂን ፊኒ በ1992 እ.ኤ.አ. ካወጡት የብሔር ማንነት መለኪያ ነው። ያ መለኪያ የተሠራው በአሜሪካ ለሚኖሩ ወጣቶች ነው። «ብሔሬ» ብለሽ ስትተረጉሚው አባቱና እናቱ ከተለያየ ብሔር የሆኑ ልጅ የቱ ላይ ምልክት ያድርግ? እንዲህ ያለ ልጅ በየሴክሽኑ አይጠፋም። መለኪያውን መጠቀም ካለብሽ ወደ አማርኛ አስተርጉሚው፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ከዚያ ስምንት አሥር ልጆች ጮክ ብለው እያሰቡ ይሙሉልሽ። የት ቆመው እንደሚያስቡ ስታዪ የትኛው ጥያቄ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ።

400 የሚለው ቁጥርሽ የናሙና መጠን ከሚሰላበት ከያማኔ ቀመር እንደመጣ ግልጽ ነው። በየመመረቂያው ላይ አለ፤ ለ4,000 ተማሪ በ0.05 የስህተት ልክ 364 ይሰጣል። ቀመሩ ግን ተማሪዎቹ አንድ በአንድ በዕጣ እንደተመረጡ ያስባል። አንቺ መጠይቁን በሴክሽን ልታድይ ነው፤ በአንድ ሴክሽን ያሉ ልጆች ደግሞ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ 400ው እንደ 400 አይቆጠርም። ፈታኝ ቢጠይቅሽ መልስ የለሽም። ለቃለ መጠይቅ ደግሞ ቀመሩ ጨርሶ አያስፈልግም።

አሁን የማልደራደርበት ነገር። ተማሪዎችሽን አትጠይቂ። ማርክ የምትሰጪው ልጅ «እምቢ» ማለት አይችልም። የሌላ መምህር ሴክሽን ያዢ፤ በቀጣዩ ሴሚስተር እንደማይደርሱሽም አረጋግጪ። ዕድሜያቸው 18 ያልሞላ ፍሬሾች ስለሚኖሩ የወላጅ ፈቃድ ጣጣ እንዳይመጣ 18 የሞላቸውን ብቻ ያዢ።

ስም መቀየር ይበቃል ብለሽም ጽፈሻል። አይበቃም። በእኛ አገር ስም ራሱ ይናገራል፤ «ቶላ» ወይም «ሐጎስ» ብለሽ ብትተኪው የልጁን ብሔር ትጠቁሚያለሽ፤ በሌላ ብሔር ስም ብትተኪው ደግሞ መረጃሽን ታዛቢያለሽ። በቁጥር ጥሪያቸው፤ ተማሪ 7 በዪ። ያም ብቻውን አያድንም። «ከአፋር የመጣች፣ የ2ኛ ዓመት የፊዚክስ ሴት ተማሪ» ብለሽ ከጻፍሽ ግቢው ውስጥ እንዲህ ያለች አንዲት ልጅ ብቻ ልትኖር ትችላለች፤ ጽሑፍሽን ያነበበ የዶርም ጓደኛዋ በአንድ ጊዜ ያውቃታል። ከትውልድ ቦታ፣ ከዲፓርትመንትና ከዓመት ከአንድ በላይ አብረሽ አትጻፊ። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ግቢዎች ግጭት ተነስቶ ተማሪ ሞቷል፣ ብዙዎች ግቢ ጥለው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። የአንድ ልጅ አስተያየት ተቆርጦ ቴሌግራም ላይ ቢወጣ ምን እንደሚያመጣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ድምፁን በይለፍ ቃል በተቆለፈ ፋይል አስቀምጪ፤ ከስልክሽ ላይ በዚያው ቀን አጥፊ።

ጊዜውን በተመለከተ አብዛኛው መመረቂያ የሚወድቅበት ቦታ እዚህ ነው። ግሩፖች የሚበጁት ፍሬሾች በገቡ በመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ሳምንታት ነው። ፕሮፖዛልሽ ከዚያ በኋላ ከጸደቀ የምታዪው ያለቀ ነገር ነው። የመግቢያው ቀን ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድና የዲፓርትመንቱ የትብብር ደብዳቤ ክረምቱ ሳይወጣ በእጅሽ ይሁኑ። ለኮሚቴው ቢያንስ ሁለት ወር ያዢለት። የተማሪዎች ዲኑንና የሴክሽኑን መምህር ፊት ለፊት ሄደሽ አነጋግሪ፤ ደብዳቤ ብቻውን በር አይከፍትም። አንድ ሰዓት ድምፅ በጽሑፍ ለመገልበጥ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። 14 ሰው በ50 ደቂቃ ወደ 12 ሰዓት ድምፅ ነው፤ ከ60 እስከ 70 የሥራ ሰዓት ማለት ነው። ሁሉንም ወደ እንግሊዝኛ አትተርጉሚ፤ በተነገረበት ቋንቋ ተንትነሽ የምትጠቅሺውን ብቻ ተርጉሚ።

የቆዩ ጥናቶችን ስትጠቅሺ ደግሞ ፍሬሽ ሁሉ አንድ አይደለም። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጥቶ ያለፈው 3.3 በመቶ ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተማሪ በሪሚዲያል (ማለፊያ ያላመጡ ተማሪዎች በሚወስዱት የማካካሻ ትምህርት) በኩል ገብቷል። ከዚያ በፊት የገባን ተማሪ ከዛሬው ጋር ያለ ማብራሪያ ካወዳደርሽ የምታወዳድሪው ሁለት የተለያዩ ሕዝቦችን ነው።

ወደ እንጀራው ልምጣ። ባልደረቦችሽ አንድ ነገር ትክክል ናቸው፤ «የማንነት ተመራማሪ» የሚል የሥራ መደብ የለም። ክፍል ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አይቶ፣ ቆጥሮ፣ መፍትሔ የሚጠቁም ሰው ግን ይፈለጋል። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ብዙ ተማሪ የወደቀበት ዲፓርትመንት «ለምን?» መባሉ አይቀርም። የጥራት ማረጋገጫ ዳይሬክቶሬት፣ የተማሪዎች ዲን፣ የጋይዳንስና ካውንስሊንግ ቢሮ፣ ከዩኒቨርሲቲ ውጭም የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይህ ችሎታ የሚገባባቸው ቦታዎች ናቸው። መምህር ሆነሽ ብትቀጥዪ ደግሞ የሚጠበቅብሽ ኤች ዲ ፒ የተባለው የመምህራን የማስተማር ሥልጠና በውስጡ አክሽን ሪሰርች (መምህር የክፍል ችግርን ለመፍታት የሚሠራው ተግባራዊ ምርምር) አለው። የመቀመጫ ካርታውን መጀመሪያ እዚያ ላይ ሞክሪው፤ ለመመረቂያሽ የሙከራ ጥናት ይሆንሻል፣ ሠርተፍኬቱም በዚያው ይመጣል።

ስትጨርሺ ገንዘብ ከፍለሽ በሳምንት ውስጥ የሚያትም ጆርናል ላይ እንዳትሰጪው። ለደረጃ ዕድገት ስታቀርቢው ውድቅ ይሆንብሻል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ጥናት ተቋም የሚታተመው የኢትዮጵያ የትምህርት ጆርናል አለ፤ ስለ ተማሪ ኑሮ ብቻ የሚያወጣና በነፃ የሚነበብ የአፍሪካ የተማሪዎች ጉዳይ ጆርናልም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከመጻፍሽ በፊት የሁለቱን አንዳንድ ቅጽ አንብቢ፤ ምን ያህል ዝርዝር እንደሚጠይቁ ታያለሽ። ወደ ውጭ ለፒ ኤች ዲ ስትወጪም በመጀመሪያ የሚጠየቅሽ የጽሑፍ ናሙና ነው፤ በአንድ ክፍል ላይ በጥንቃቄ የተሠራ ጥናት ከ400 ሰው መጠይቅ የተሻለ ያሳይልሻል።

«እሳት ነው» ለሚሉሽ ደግሞ ርዕሱን እንዲህ አድርገሽ አቅርቢ፦ «በአንደኛ ዓመት የጄኔራል ሳይኮሎጂ ክፍል ውስጥ የግሩፕ አመሠራረትና የመናገር ተሳትፎ»። ያው ያንቺ ጥያቄ ነው፤ የሚመረመረው ነገር ግን በዓይን የሚታይ ስለሆነ ማንም አይደነግጥበትም። ለአማካሪሽ ሁለት ገጽ ብቻ ጻፊ፤ በአንደኛው ጥያቄውንና ቆጠራውን፣ በሁለተኛው የልጆቹን ደኅንነት እንዴት እንደምትጠብቂ። ከዚያ በፊት ግን በዚህ ሳምንት አንድ ባልደረባሽን አስፈቅደሽ ባዶ የመቀመጫ ካርታ ይዘሽ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀመጪ፤ የሞላሽውንም ካርታ ከሁለቱ ገጾች ጋር አባሪ አድርጊው።