የአንባቢያን ጥያቄ፦ የፒኤች ሴንሰር ሲዋዥቅ

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የኬሚስትሪ ላብራቶሪ አስተምራለሁ። 25 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድን በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት ስናደርግ (ጥቂት በጥቂት እየጨመርን ስንለካ)፣ ከላፕቶፕ ጋር ያገናኘነው የፒኤች (የአሲድነት መጠን) ሴንሰር ግራፉን ያዘልለዋል። በ7 በፈር (ፒኤቹ በሚታወቅ መፈተሻ ፈሳሽ) ልክ ያነባል፤ 10 ላይ ግን 9.3 ይላል። ሶፍትዌሩን ልቀይር?

መልስ፦ ሶፍትዌሩን አይንኩት። መጀመሪያ በፈሩን ይጠርጥሩ፤ 10 በፈር ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ክፍት ከዋለ ፒኤቹ ይወርዳል። በአዲስ በፈርም 9.3 ካለ ጥፋቱ የኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ፈሳሹ ውስጥ የሚገባው የሴንሰሩ ዘንግ ነው። ጤነኛ ኤሌክትሮድ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ፒኤች 59 ሚሊ ቮልት ያህል ይሰጣል። የእርስዎ ከ7 እስከ 10 ድረስ 3 መሄድ ሲገባው 2.3 ብቻ ስለሄደ፣ የሚሰጠው ወደ 45 ሚሊ ቮልት ወርዷል ማለት ነው። እንዲህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የመስታወት ጫፉ ሲደርቅ ወይም ሲቆሽሽ ነው። በዲስቲልድ ውሃ ውስጥም አይቀመጥ፤ ውሃው ጨዉን ስቦ ያወጣበታል። 22.4 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ በዲስቲልድ ውሃ አሟሙተው 100 ሚሊ ሊትር ይሙሉና ኤሌክትሮዱን በዚያ ያሳድሩት። በማግስቱ በ7፣ በ4 እና በ10 በፈር ካሊብሬት ያድርጉ (ንባቡን ያስተካክሉ)። በየመሃሉ አለቅልቀው ጫፉን በሶፍት ነካ ነካ ያድርጉት እንጂ አይሹት። ካልተሻለው መተካት ነው።

ለግራፉ መዝለል ደግሞ ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅለው በባትሪ ይሞክሩ። የመስታወት ኤሌክትሮድ ሬዚስታንሱ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ከቻርጀሩ የሚመጣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ረብሻ እንኳ ንባቡን ያናውጠዋል። ማግኔቲክ ስተረሩንም (ማማሰያውን) ያዝግሙት፤ ፈሳሹ ከተሽከረከረ አረፋ ጫፉ ላይ ይለጠፋል።

ሌላው ጥድፊያ ነው። ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ እንዲመዘግብ አያድርጉ፤ ቁልፍ ሲጫኑ ብቻ ይመዝግብ። አንዱ ተማሪ ቡሬቱን (ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ የሚንጠባጠብበትን መለኪያ ቱቦ) አንብቦ ይናገር፣ ሌላው ንባቡ እስኪረጋ ጠብቆ መጠኑን ይጻፍ፤ ግማሽ ላይ ቦታ ይቀያየሩ። እስከ 23 ሚሊ ሊትር በ1፣ ከዚያ እስከ 26 በ0.1 ይጨምሩ። 12.5 ሚሊ ሊትር ላይ ፒኤቹ 4.76 አካባቢ፣ 25 ላይ 8.7 አካባቢ ከሆነ ሥራው ሰምሯል። አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንዎ፦ ተማሪዎቹ ከመጀመራቸው በፊት የሚጠብቁትን ኩርባ በእርሳስ ይሳሉ። ያልገመቱት መስመር ስክሪን ላይ ቢወጣ አይተውት ያልፋሉ እንጂ አይጠይቁትም።

ጥያቄ፦ ከአርዱይኖ (ትንሽ ፕሮግራም የሚደረግ ሰሌዳ) ጋር ያገናኘነው ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር በፈላ ውሃ ውስጥ 92 ዲግሪ ያነባል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ደህና ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፕሮግራሙን 100 እንዲያሳይ ቢያስተካክሉት 8 ዲግሪ ስህተት ራስዎ አስገቡበት ማለት ነው። በበረዶ ይፈትሹት፤ የተፈጨ በረዶ በዲስቲልድ ውሃ ለውሰው፣ እያማሰሉ፣ ሴንሰሩ ቢከሩን ሳይነካ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት። ከዜሮ በ0.5 ዲግሪ ውስጥ ከቆየ አምራቹ ከሚሰጠው የስህተት ወሰን አልወጣም።