ቦታዬን ሰው ያዘብኝ፣ ምን ላድርግ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ጊዜ ከከተማው ዳር ዳር የደረሱንን ሦስት ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ሁሉም የራስን ቦታ ሌላ ሰው ሲይዘው ምን ይደረጋል የሚሉ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ግቢያችን ውስጥ መኪና እየበዛ ሲመጣ በየማታው ጭቅጭቅ ሆነና ማህበራችን ስብሰባ ጠርቶ ማቆሚያዎቹን በዕጣ አከፋፈለን። መሬቱ ላይ ቁጥር ተቀባ። ለእኔም አንድ ቦታ ወጣልኝ፣ በየወሩም እየከፈልኩ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ግን አንድ ጎረቤቴ ሁለተኛ መኪና ገዛ። አንዱን በራሱ ቦታ፣ ሌላውን በእኔ ቦታ ያቆማል። መጀመሪያ ሳየው ለዛሬ ብቻ ይሆናል ብዬ አለፍኩት፣ አሁን ግን ጭራሽ የእሱ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ከሥራ የምገባው ከመሸ ነው። መኪናዬን አስፋልቱ ዳር ጥዬ፣ የተኛ ልጄን ታቅፌ በጨለማ እገባለሁ። አንዴ ስጠይቀው «ኮንዶሚኒየም የጋራ ነው፣ የግል ቦታ የሚባል ነገር የለም» አለኝ። ጥበቃው ከእሱ ጋር መጣላት አይፈልግም። ወንድሜ ደግሞ ጎማውን እናስተንፍስለት ይላል። ጠብ አልፈልግም፣ ቦታዬንም መልቀቅ አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የወንድምሽን ሐሳብ ተይው። ለአንቺ ተቆርቁሮ እንደሆነ ይገባናል። ግን ጎማው በተነፈሰ ማግስት ተበዳዩ እሱ ይሆናል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ንብረቴ ላይ ጉዳት ደረሰብኝ ይላል፣ አንቺም ስለ ቦታሽ መናገርሽ ቀርቶ ስለ ጎማው መልስ ስትሰጪ ትከርሚያለሽ። ከኋላው አቁሞ መውጫ ማሳጣትም ያው ነው፣ አታድርጊው።

ጎረቤትሽ የተናገረው ነገር ግማሹ እውነት ነው፣ ሰው የሚሸነፈውም በዚህችው ግማሽ እውነት ነው። በተለምዶ የኮንዶሚኒየም አዋጅ የምንለው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ቤቱን ለብቻ፣ የጋራ መጠቀሚያውን ለብቻ ለይቶ ያስቀምጣል። ቤትሽ የግልሽ ነው። ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ግቢው የሁላችሁም ነው። ስለዚህ ያቺን ማቆሚያ እንደ ሳሎንሽ የግሌ ናት ማለት አትችይም፣ ለሌላ ሰው ልትሸጫትም አትችይም። ግን የጋራ የሆነ ነገር ቀድሞ የደረሰ ሁሉ የሚወስደው አይደለም። ባለቤቶቹ አንድ ላይ ሆነው የሚወስኑበት ነው፣ የቤት ባለቤቶች ማህበር የሚቋቋመውም ለዚሁ ነው። እናንተም ተሰብስባችሁ ወሰናችሁ፣ ዕጣ አወጣችሁ፣ ቁጥር ቀባችሁ። ደግሞ ልብ በይ፣ እሱ ራሱ የመጀመሪያ መኪናውን የሚያቆመው በዚያው ዕጣ በደረሰው ቦታ ነው። ዕጣው ለእሱ ሲሆን የሚሠራ፣ ለአንቺ ሲሆን የማይሠራ ሊሆን አይችልም። ስታነጋግሪው ይህንን ንገሪው፣ ከሕግ አንቀጽ ይልቅ የሚያሳፍረው ይሄ ነው።

ስለዚህ ከማንም ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ወረቀትሽን ያዢ። ያ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አለው ወይ? ስንት ሰው ፈርሟል? ያንቺ ስምና የቦታው ቁጥር የተጻፈበት ዝርዝር አለ? ቅጂውን ከነማህተሙ ውሰጂ። የከፈልሽበትን ደረሰኝ ሰብስቢ። መኪናው ቦታሽ ላይ ቆሞ፣ ታርጋውና መሬቱ ላይ ያለው ቁጥር አብረው እንዲታዩ አድርገሽ በተለያየ ቀን ፎቶ አንሺ። ቃለ ጉባኤ ካልተያዘ፣ ብዙ ግቢ ውስጥ ነገሩ በአፍ ብቻ ስለሚያልቅ ይሄ ሊሆን ይችላል፣ ኮሚቴው ስብሰባ ጠርቶ ድልድሉን እንደገና በጽሑፍ እንዲያጸድቅ ጠይቂ። ይህ ከሌለ የቀረው ሁሉ ይላላል።

ከዚያ አነጋግሪው። ማታ ደክሞሽና ተናደሽ ሳይሆን ቅዳሜ ወይም እሁድ ጠዋት፣ ቤቱ ድረስ ሄደሽ፣ ከተቻለ ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ትልቅ ሰው ይዘሽ። ልጆቹ ፊት አይሁን። በስልክም አይሁን። የምትይውም አጭር ይሁን፦ «ወንድሜ፣ ያ ቦታ በዕጣ ለእኔ የወጣ ነው፣ እየከፈልኩበትም ነው። ማታ ልጅ ይዤ ስለምገባ እቸገራለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ቢለቁልኝ።» ቀን መጥቀስሽን አትርሺ። ቀን ካልተባለ «እሺ፣ እናያለን» ተብሎ ይቀራል። ምናልባት ለሁለተኛው መኪና እውነት ቦታ አጥቶ ይሆናል። ያ የእሱ ችግር ቢሆንም መኪና የሌለው ጎረቤት ቦታውን ሊያከራየው ይችላል፣ ይህን ብትጠቁሚው ክብሩ ሳይነካ የሚወጣበት በር ያገኛል። እኛ ሰውን መውጫ አሳጥቶ ማሸነፍ አንወድም፣ ነገ ደረጃው ላይ የምትገናኙ ሰዎች ናችሁ።

አልሰማም ካለ ለማህበሩ ኮሚቴ ማመልከቻ ጻፊ። በቃል ነገርኳቸው ማለት ምንም አይጠቅምሽም። ሁለት ቅጂ አድርጊና አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማህተም አስደርጊ። ሁለት ነገር ጠይቂያቸው፦ ለእሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡት፣ ለጥበቃውም በየቁጥሩ ማን እንደሚያቆም ዝርዝር ሰጥተው እንዲያስፈጽም በጽሑፍ እንዲያዙት። ጥበቃውን ደግሞ አትቀየሚው። ደመወዙን ከሚከፍሉት ሰዎች አንዱን «ከዚህ አንሳ» እንዲል ብቻውን መተው ግፍ ነው። ትእዛዙ ከኮሚቴው ሲመጣ ግን «ታዝዤ ነው ጋሼ» ብሎ መናገር ይችላል። የግቢያችሁ እድርም ካለ ሽማግሌዎቹን ላኪበት። ለኮሚቴ የማይታዘዝ ሰው እድር ሲያነጋግረው ያፍራል፣ ይህን ደጋግመን አይተናል።

ይህም ሁሉ ካልሠራ ፍርድ ቤት አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1149 ላይ ይዞታው የተነጠቀበት ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው እንዲመለስለት፣ ሁከቱ እንዲቆምለትና ለደረሰበት ጉዳት እንዲካስ መጠየቅ ይችላል ይላል። ሰው ሁሉ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ክስ ይሄ ነው። የዚህ ክስ ጥሩ ጎኑ ባለቤት ነኝ ብለሽ ማስረዳት አያስፈልግሽም፣ ቦታው በእጅሽ እንደነበረና እሱ እንደነጠቀሽ ማሳየት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት መብት ስላለኝ ነው ብሎ ወዲያውኑና በማያጠራጥር መንገድ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። እሱም «የጋራ ነው» ብሎ መምጣቱ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ቃለ ጉባኤሽን ታወጫለሽ። ማህበሩም አብሮሽ ቢቆም፣ ወይም ራሱ ቢከስ፣ በጣም ይጠነክራል።

ግን ጊዜ አለው። ይህን ክስ ቦታው ከተያዘበት ወይም ሁከቱ ከጀመረበት ቀን አንስቶ በ2 ዓመት ውስጥ ካላቀረብሽ ይታገዳል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ምክር እዚህ ጋ አይሠራም። ዝም ባልሽ ቁጥር ጎረቤቱም፣ ጥበቃውም፣ ኮሚቴውም ቦታውን የእሱ አድርገው ማየት ይለምዳሉ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ስለሚሰጥ እዚያ ጠይቂ።

አንድ ነገር እንጨምር፣ ወንድምሽ ስለሚያነሳው። ሕጉ በአንቀጽ 1148 ላይ ባለይዞታ ቦታውን ሊነጥቀው የመጣን ሰው በኃይል መመከት ይችላል ይላል። እውነት ነው። ግን ይህ የሚሠራው እዚያው በዚያው፣ ነገሩ በሚፈጸምበት ሰዓት ነው፣ ያኔም ቢሆን ከልክ ማለፍ አይፈቀድም። ወራት የቆመን መኪና ዛሬ ተነስቶ መግፋት በዚህ አይሸፈንም።

ጥያቄ፦ አያት አካባቢ የራሴ ግቢ አለኝ። ከጎኔ እህል የሚነግድ ሰው አለ። የሚጭኑለት አይሱዙዎች በሬ ላይ ይቆማሉ፣ አንዳንዴም እዚያው ያድራሉ። አንድ ሌሊት እናቴን ሐኪም ቤት ለመውሰድ መኪናዬን ማውጣት አቅቶኝ ታክሲ ፍለጋ ሮጥኩ። ከበሬ ፊት ያለውን ቦታ በድንጋይ ወይም በበርሜል ብዘጋው ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ አዎ፣ ያስጠይቅዎታል። ከአጥርዎ ውጭ ያለው መንገድ የሕዝብ ነው፣ የካርታዎ ወሰን እንደሆነ አጥሩ ላይ ያበቃል። ብዙ ሰው ከአጥሩ ፊት ያለችውን ቁራጭ መሬት የራሱ አድርጎ ስለሚያይ ድንጋይ ይደረድራል፣ አበባ ይተክላል፣ ከዚያ ሌላው ሲያቆምበት ይጣላል። እዚያ ላይ ማንንም መከልከል አይችሉም። መውጫና መግቢያዎን ግን ማንም ሊዘጋብዎት አይችልም። በር ዘግቶ መኪና ማቆም የትራፊክ ጥፋት ነው። ስለዚህ ክርክርዎ «ቦታዬ ነው» የሚል ሳይሆን «መውጫዬን ዘጋህ» የሚል ይሁን። ያኔ ትራፊክ ፖሊስም ይሰማዎታል።

ሾፌሮቹን ትተው ነጋዴውን ያነጋግሩ። ሾፌሩ ዛሬ መጥቶ ነገ ሌላ ይተካል፣ ነጋዴው ግን ጎረቤትዎ ነው። የእናትዎን ነገር ይንገሩት፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምቶ ዝም የሚል ሰው ብዙ የለም። የሚያድር መኪና ካለ ሾፌሩ ስልክ ቁጥሩን መስታወቱ ላይ ትቶ እንዲሄድ፣ ጭነት የሚወርድበትም ሰዓት እንዲታወቅ ተስማሙ። በርዎ ላይም «መኪና ማቆም ክልክል ነው» ብለው በትልቁ ያጽፉ። ጽሑፉ መብት አይጨምርልዎትም፣ አላየሁም የሚለውን ሰበብ ግን ያስቀርልዎታል። ከዚህ በኋላም ከቀጠለ መኪናው ሳይነሳ ትራፊክ ይጥሩ። ከሄደ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ብዙም አይረዳም፣ ፎቶ ካለዎት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሰበታ መስመር ላይ በስሜ ካርታ ያለው ቦታ አለኝ፣ ታጥሯል፣ ገና አልሠራሁበትም። አንድ የማውቀው ሰው «ለጊዜው ኮንቴይነሬን ላሳርፍ» ሲለኝ እሺ አልኩት። ኪራይ አልተቀበልኩም። አሁን ኮንቴይነሩ ሁለት ሆኗል፣ መኪናም ያሳድርበታል፣ የበሩን ቁልፍም ቀይሮታል። ቤት ልጀምር ነው ስለው «ሌላ ቦታ እስካገኝ» ይለኛል። ቁልፉን ሰብሬ ብገባስ?

መልስ፦ ቁልፉን አይስበሩ። ውስጥ የእሱ ዕቃ አለ፣ ነገ አንድ ነገር ጎደለ ቢልዎት ማስተባበያ የለዎትም።

የእርስዎ ጉዳይ ከላይ ካሉት ይለያል፣ ምክንያቱም ሰውየው የገባው በፈቃድዎ ነው። ስለዚህ ወረረኝ ብለው አይጀምሩ። ፈቃድዎን ማንሳትዎን በጽሑፍ ያሳውቁት። ወረቀቱ ላይ መቼ እንዳስገቡት፣ ኪራይ እንዳልተቀበሉ፣ እስከ መቼ እንዲያወጣ እንደሚፈልጉ፣ ቁልፉን መቀየሩንም ይጻፉ። የሚበቃ ጊዜ ይስጡት፣ ኮንቴይነር ማንሳት ክሬን ይፈልጋልና በአንድ ቀን አይሆንም። ሁለት ምስክር ባለበት ይስጡት፣ እንቢ ቢል ምስክሮቹ እንቢ ማለቱን ይፈርሙ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ በቃል ሲነሳ ማን መቼ ምን አለ በሚል ክርክር ስለሚጠፋ ነው ይህን ያህል የምንለው።

በዚህ መሐል የቦታዎን ግብር በስምዎ ይክፈሉ፣ ደረሰኙንም በጥንቃቄ ይያዙ። ሰውየው «እኔ እከፍልልሃለሁ» ቢል እሺ እንዳይሉ። ኪራይ ልክፈል ብሎ ገንዘብ ቢያመጣም አይቀበሉ፣ ከተቀበሉ ተከራይ ነኝ ይላል፣ ነገሩም ሌላ መልክ ይይዛል። አጥሩ ሲፈርስ ያሳድሱ፣ አልፎ አልፎም ሄደው ይዩት፣ ጎረቤቶቹ ባለቤቱ እርስዎ መሆንዎን ይወቁ። ከተማ ዳር ያለ ባዶ ቦታ ባለቤቱ ካልታየበት ደላላው ሁሉ ያየዋል።

ካልወጣ ክስ ነው የሚቀረው። ከማመልከትዎ በፊት ግን ቦታው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ ያረጋግጡ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን አሁን በሸገር ከተማ ሥር፣ ማለትም በኦሮሚያ ናቸው። የሚሄዱበት ፍርድ ቤትም የኦሮሚያ ነው፣ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቋንቋውን የማይችሉ ከሆነ ክሱን የሚጽፍልዎትን ጠበቃ ከዚያው አካባቢ ቢፈልጉ ይቀልልዎታል። ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ከስሰው ሥልጣን የለንም ተብለው ሲመለሱ ወራት ያልፋል፣ ሰውየው ደግሞ ሦስተኛ ኮንቴይነር ያስገባል። ካርታዎን፣ የግብር ደረሰኝዎንና ያን የማስጠንቀቂያ ወረቀት ይዘው ይሂዱ።