ለልጄ ምን አይነት አስጠኚ ልያዝላት? በዚህ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ተጣልተናል

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። የ12 ዓመት ልጄ መንግስት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ናት። እስከ 6ኛ ክፍል ከአንድ እስከ አምስት ነበር የምትወጣው፣ ዘንድሮ በመጀመሪያው ሴሚስተር 27ኛ ወጣች፣ ማትስ እና ጄኔራል ሳይንስ በጣም ቀነሰባት። ደንግጬ ቤት ለቤት አስጠኚ ያዝኩላት፣ በሳምንት 5 ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት። ለውጥ ግን የለም፣ እንደውም ሊመጣ ሲል ሆዴን ቆረጠኝ ማለት ጀምራለች። የሚገርመኝ እኔ በአማርኛ ስጠይቃት ትመልሳለች፣ ፈተና ላይ ግን ይጠፋባታል። ባለቤቴ እኔ ያለ አስጠኚ ነው የተማርኩት ገንዘብ እያባከንሽ ነው ይላል፣ በየማታው ጭቅጭቅ ነው። ሌላ አስጠኚ ልቀይር፣ ትምህርት ቤቷ ቅዳሜ የሚሰጠው ማጠናከሪያ ላስገባት ወይስ ኦንላይን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ ድንጋጤሽ ይገባኛል። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 በመቶ እና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ከተባለ ወዲህ እኮ ብዙ ወላጅ ልጁ ገና 3ኛ ክፍል እያለ ነው አስጠኚ ፍለጋ የሚሯሯጠው። ግን በድንጋጤ የተያዘ አስጠኚ ብዙ ጊዜ የወላጅን ጭንቀት ያስታግሳል፣ የልጁ ክፍተት ግን እዛው ይቀራል፣ ምክንያቱም ልጁ ምን እንደጎደለው ማንም ቁጭ ብሎ አላየውም።

አንቺ ደግሞ መልሱን ራስሽ ፅፈሽዋል። "በአማርኛ ስጠይቃት ትመልሳለች" ያልሽው ለኔ የጥያቄሽ ዋናው ነገር እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግስት ትምህርት ቤት ልጆች እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ተምረው 7ኛ ላይ ማትሱም ሳይንሱም በአንዴ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ደህና ሲመጡ የነበሩ ልጆች ልክ እዚህ ክፍል ላይ ሲወርዱ በጣም ነው የማየው፣ ቤተሰብ ሰነፈች፣ ስልክ አበላሻት፣ ጓደኛ ቀየራት ይላል፣ ልጅቷም ቀስ በቀስ ደደብ ነኝ ብላ ታምናለች፣ ይሄኛው ነው እኔን የሚያሳዝነኝ።

እስኪ ዛሬ ማታ እንዲህ አድርጊ። የማትስ መፅሐፏን ያዢና በፅሁፍ የተቀመጠ አንድ ጥያቄ ጮክ ብላ ታንብብልሽ፣ ከዛ ሳትሰራው ምን እያለ እንደሆነ በአማርኛ ትንገርሽ። ከተደናበረች ያንኑ ጥያቄ አንቺ በአማርኛ ንገሪያት። አንድ ነጋዴ ከ40 ብርቱካን ሁለት አምስተኛውን ሸጠ ስንት ቀረው ስትያት 24 ብላ ቶሎ ከመለሰች፣ መፅሐፉ ላይ ግን "ሪሜይን" የምትለዋ ቃል ላይ ቆማ ከቀረች፣ ልጅሽ የማትስ ችግር የለባትም። የማትስ አስጠኚ በሳምንት ሰባት ቀን ቢመጣም አይቀይረውም። በአማርኛም ካልሰራችው ደግሞ ክፍተቱ ከ5ኛ ወይ ከ6ኛ የመጣ ነው፣ ያ ሌላ ስራ ነው፣ ወደኋላ ተመልሶ ክፍልፋይን ከስሩ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋል።

እንግዲህ የአስጠኚው አይነት የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ችግሩ ቋንቋው ከሆነ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዳንድ ሰዓት፣ የራሷን የሳይንስ እና የማትስ መፅሐፍ ይዞ ቃላቱን እየፈታ አብሯት የሚያነብ ሰው ይበቃታል፣ የግድ የማትስ ምሩቅ መሆን የለበትም፣ ትዕግስት ያለው የዩኒቨርስቲ ተማሪም ሊሆን ይችላል። መሰረቱ ከሆነ የጎደለው አንድ ለአንድ ይሻላል፣ ምክንያቱም የሷ ክፍተት የጎረቤቷ ልጅ ክፍተት አይደለም። የቅዳሜው ማጠናከሪያ ገብቷት መለማመድ ብቻ ለሚቀራት ልጅ ጥሩ ነው፣ ከጓደኞቿ ጋር ስለሆነም ብዙ አይከብዳትም፣ ግን ክፍሉ ውስጥ 50 ልጅ ካለ ያው የሰኞው ክላስ ቅዳሜ ተደገመ ማለት ነው። ኦንላይኑን ለጊዜው ተይው፣ በ12 ዓመቷ ከስልክ ላይ ብቻዋን ተከታትላ መማር ይከብዳታል።

አሁን ያለውን አስጠኚ ከማባረርሽ በፊት ደብተሯን አገላብጪ። ስርዝ ድልዝ የሌለው፣ ሁሉም ልክ የሆነ ሆምወርክ ካየሽ እሱ እየሰራ እሷ እየገለበጠች ነው ማለት ነው። አንዳንዱ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ወላጅ ደስ እንዲለው ብሎ ነው። በግልፅ ንገሪው፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ብቻዋን አንድ ጥያቄ እንድትሰራ ነው የምፈልገው በይው። አንድ ወር ሙከራ ስጪው፣ ካልሆነ በሰላም ሸኚው።

5 ቀኑን ግን ቀንሺ፣ በዚህ ላይ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። አስቢው እስኪ፣ 10 ሰዓት ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ከ11 እስከ 1 አስጠኚ፣ ከዛ እራት፣ ከዛ የሌላው ትምህርት ሆምወርክ፣ 4 ሰዓት ተኩል ትተኛና 12 ሰዓት ትነሳለች። በዚህ እድሜ ያለች ልጅ ቢያንስ 9 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋታል፣ ያንቺ ልጅ በጠቅላላው 7 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የምትተኛው። እንቅልፍ ያጣች ልጅ የተማረችውን ይዛ አታድርም።

ባለቤትሽ ያለ አስጠኚ ተማርኩ ያለው እውነቱን ነው፣ ግን የሱ ጊዜ ሌላ የሷ ሌላ። ዋናው ነገር ጭቅጭቁ እሷ በምትሰማበት አይሁን። ገንዘብ ባከነ ሲባል ልጅቷ የምትሰማው እኔ ኪሳራ ነኝ የሚለውን ነው። ማን ትክክል ነው የሚለውን ተዉትና ስራ ስጪው፣ ማታ ማታ 20 ደቂቃ ጄኔራል ሳይንሷን ታንብብለት፣ እሱ ያድምጣት፣ አንድ ገፅ ካነበበች በኋላ ምን ተረዳሽ ብሎ ይጠይቃት። እንግሊዝኛው ባይሆንለት እንኳ ችግር የለውም፣ ለአባቷ ለማስረዳት ስትሞክር ራሷ ይገባታል።

የሆድ ቁርጠቱን ግን እንዳትንቂው። መጀመሪያ ሀኪም ይያት። ምንም ካልተገኘ ያው ጭንቀት ሊሆን ይችላል፣ ሰዓቱ ሲቀነስ አብሮ ሊቀንስ ይችላል። ሳይቀንስ ከቀረ ወይም አስጠኚው በሚመጣባቸው ቀናት ብቻ ከሆነ፣ ደብተር በሌለበት፣ አባቷም በሌለበት ሰዓት፣ ቡና እያፈላሽም ይሁን ፀጉሯን እየሰራሽላት፣ ከአስጠኚው ጋር ስትሆኚ ምን ደስ አይልሽም ብለሽ ጠይቂያት። አትቆጪያት፣ አታቋርጫት። ጥናቱ ሳሎን ይሁን፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ባለበት፣ ይሄ ሴትም ወንድም አስጠኚ ቢሆን ነው፣ ሰውየውን መጠርጠር አይደለም፣ ጥሩ አስጠኚ ራሱ ነው እንደዛ እንዲሆን የሚፈልገው። ይሰድበኛል፣ ይመታኛል፣ ይነካኛል የሚል ነገር ከነገረችሽ ግን የወሩ ክፍያ ቢቀርም ይቅር፣ በዛው ቀን አስቁሚው፣ መትቷት ወይ ነክቷት ከሆነ ደግሞ ሰው ምን ይለኛል ሳትዪ ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ አመልክቺ።