ስፒሩሊና የጾም ነው ወይስ የፍስክ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ደሴ ነው። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ስፒሩሊና የሚባል፣ ከአልጌ (ውኃ ውስጥ ከሚበቅል አረንጓዴ ነገር) የሚሠራ አረንጓዴ ዱቄት ላከልኝ። «በጾም የሚጎድልሽን ይተካልሻል» ይላል። ብወስደው ጾሜን ያፈርስብኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ የጾም ነው። ሳይንስ ከባክቴሪያ ወገን ቢቆጥረው አይክበድሽ፤ የእንጀራችን ሊጥም የሚቦካው ዓይን በማያያቸው ሕያዋን ነው፣ እርሾን የፍስክ ያለ ግን የለም። በእንክብል የመጣ ከሆነ ግን ማሸጊያውን አንብቢ። የእንክብሉ ሽፋን ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይወጣል። ከሰዓቱ በፊት በውኃ በጥብጦ መጠጣትም መብላት ነው።

ምግብነቱን አልነቅፍም። የቻድ ሐይቅ ዳርቻ ሴቶች ቀድተው፣ አሸዋ ላይ አድርቀው «ዲሄ» ብለው ሲመገቡት ኖረዋል፤ በእኛም አገር ቢሾፍቱ አጠገብ አረንጓዴ ሐይቅ ውስጥ ይገኛል። ከደረቁ ዱቄት ከመቶ 60 የሚያህለው ፕሮቲን ነው፣ ብረትም አለው። ሰው የሚወስደው ግን በማንኪያ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢሰጥ ነው፣ ይህን አንድ ጭልፋ ምስር ወጥም ይሰጥሻል። ቫይታሚን ቢ12 አለው የሚባለውም አብዛኛው ሰውነታችን የማይጠቀምበት ዓይነት ነውና፣ ሐኪም ያዘዘለት ሰው በዚህ ተማምኖ መድኃኒቱን እንዳይተው። በሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ነገር ያው ነው ብላችሁ እንዳትቀምሱ፤ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያለው ዓይነት አለ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ማካካሻ መፈለጉ ነው። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ይህን እሰማለሁ። ጾም በሰውነት ላይ የደረሰ ጉዳት ይመስል፣ ሥጋው በምን ይተካ፣ ወተቱ በምን ይተካ እየተባለ ጾሙ ያልቃል። ልጄ፣ ድካሙ እኮ የጾሙ ሥራ ነው! ቅዱስ ዳዊት «ጕልበቶቼ በጾም ደከሙ፥ ሥጋዬም ቅቤ በማጣት ከሳ» አለ (መዝ. 108፥24)፤ ቅቤውን የሚተካለት አልፈለገም። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 15 የምንጾመው ሥጋ ለነፍስ እንድትታዘዝ መሆኑን ያስተምራል። ከቀድሞው የበለጠ የተንከባከብናት ሥጋ ለማን ትታዘዛለች?

ይህን የምልሽ ጤነኛ ከሆንሽ ነው። ደም ማነስ ካለብሽ፣ እርጉዝ ወይም አራስ ከሆንሽ፣ ሐኪምሽንም የንስሐ አባትሽንም አማክሪ፤ ቤተ ክርስቲያን በታመመ ልጇ ላይ አትጨክንም።

ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው ይላል (58፥7)። እዚሁ ከተማችን ሽሮ ገዝተው መብላት አቅቷቸው ጾሙን በደረቅ ቂጣ የሚገፉ እናቶች አሉ፤ በደብርሽ ደጅ ታገኛቸዋለሽ። የተላከልሽን ዱቄት ጨርሺው፣ ኃጢአት የለበትም። ወንድምሽ ሁለተኛ ልላክ ካለሽ ግን ገንዘቡን እንዲልክ ንገሪውና ምስርና ሽሮ ገዝተሽ በስሙ አድርሺላቸው።