ጎርፋ ጎርፍ አይደለም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በጀርመንና በአረብ አገሮች መካከል ስለሚደረግ ንግድ ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ አምስቱን መርጫለሁ።

ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ያገለገሉ የዳቦ መጋገሪያ ማሽኖች ወደ ኩዌት ልልክ ስል የስፔዲሲዮኑ (የጭነት አስተላላፊው ድርጅት) ሰውዬ «የጎርፋ ማኅተም አለህ ወይ?» አለኝ። ጎርፍ ያለኝ መስሎኝ ሳቅሁ። ምንድን ነው?

የሳቁት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ጎርፋ በአረብኛ «ክፍል» ማለት ነው። ጀርመኖቹም «ካመር» ሲሉ ያው ክፍል ማለታቸው ነው፤ እኛ ነን ምክር ቤት ብለን ክፍሉን ቤት ያደረግነው። ሙሉ ስሙ የአረብ–ጀርመን የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት ሲሆን በ1976 (በፈረንጆቹ) ተቋቁሞ ዛሬ መቀመጫው በርሊን ነው። ጊዜውን ልብ ይበሉ። ከ1973ቱ የአረብና የእስራኤል ጦርነት በኋላ የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ያህል ንሮ የአረቦቹ ካዝና ሞልቷል። ኩዌት በ1974 የዳይምለር ቤንዝን አክሲዮን ገዝታለች። ገንዘቡ ወዲያ፣ ፋብሪካው ወዲህ ነበር።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ማኅተሙ ነው። የስሪት አገር ምስክር ወረቀቱንና ኢንቮይሱን መጀመሪያ የሚያረጋግጠው የአካባቢዎ ንግድ ምክር ቤት፣ ማለትም ኢሃካ ነው። ጀርመን ውስጥ 79 ኢሃካዎች አሉ፤ የንግድ ድርጅት ከሆኑ አባልነቱ ግዴታ ስለሆነ ምናልባት ሳያውቁት መዋጮ እየከፈሉ ነው። ቀጥሎ ጎርፋ ማኅተሙን ይመታበታል። መጨረሻ ላይ የአገሩ ቆንስላ። የመጀመሪያውን በር ዘለው ሁለተኛውን ቢያንኳኩ ወረቀቱ ይመለስብዎታል። የትኛው ሰነድ በስንት በር እንደሚያልፍ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ኮንቴይነሩ ሳይጫን ኢሃካዎን ይጠይቁ፤ ገዢውም ጉምሩኩ የሚፈልገውን በጽሑፍ ይላክልዎ።

ዱባይ ዴራ አንድ የመለዋወጫ አስመጪ ቤት እሠራለሁ። ከጀርመን የመጣ ዕቃ ወደብ ደርሶ ሳለ ባንኩ ሰነዱ «ዲስክሬፓንሲ» (አለመጣጣም) አለበት ብሎ ክፍያውን ያዘ። ማኅተሙ ሁሉ ተሟልቷል። ምን አድርጉ ነው የሚሉን?

ማኅተም መመታቱና ሰነዶቹ እርስ በርስ መስማማታቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በኤልሲ (ሰነዱ ከተሟላ እከፍላለሁ በሚል የባንክ ዋስትና) ሲገበያዩ ባንክ የሚያየው ወረቀቱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ሰነዶቹን ለመመርመርም ቢበዛ አምስት የባንክ የሥራ ቀን ነው ያለው፤ ባንኮች የሚመሩበት ዩሲፒ 600 የሚባለው ደንብ እንዲህ ይላል።

አንድ ጊዜ በእጄ ያለፈ ፋይል አለ። ፓኪንግ ሊስቱ (የጥቅሎቹ ዝርዝር) ጠቅላላ ክብደቱን 1,240 ኪሎ ይላል፤ የስሪት አገር ምስክር ወረቀቱ 1,204። ጸሐፊዋ ሁለት አኃዝ አቀያይራ ነበር፣ በቃ። ወረቀቱን ሦስት ቢሮ አይቶ ሦስቱም አትመውበታል፤ ያገኘው ባንኩ ነው። አዲስ ወረቀት ወጥቶ ማኅተሙ እንደገና እስኪመታ ዕቃው ወደብ ላይ ኪራይ እየቆጠረ ቆየ።

ስለዚህ ሻጩ ወረቀቶቹን ወደ ኢሃካ ከመውሰዱ በፊት ረቂቁን በኢሜይል ይላክላችሁ። ኤልሲውን አጠገብ አድርጋችሁ ክብደቱን፣ የጥቅሉን ብዛት፣ የድርጅቱን ስም በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። የኢንቮይስ ማረጋገጫውን በተመለከተ፣ ኤምሬትስ ከ2023 ወዲህ ዋጋው 10,000 ድርሃምና ከዚያ በላይ ከሆነ አስመጪው ራሱ በኢንተርኔት 150 ድርሃም ከፍሎ እንዲያረጋግጥ አድርጋለች። ያ የእናንተ ድርሻ ነው፤ ሻጩን አትጠብቁት።

በርሊን ነኝ። አንድ የአረብ አገር ደንበኛ «ዕቃው የእስራኤል ምርት አይደለም» የሚል ደብዳቤ ፈርሜ እንድልክ ጠየቀኝ። ዕቃው እውነትም የእስራኤል አይደለም። ልፈርም?

አይፈርሙ። የሚጽፉት ነገር እውነት መሆኑ አያድንዎትም። ጀርመን ውስጥ ያለ ነጋዴ በሌላ አገር ላይ በተጣለ ቦይኮት (አንገበያይም በሚል እገዳ) እንደሚተባበር የሚያሳይ መግለጫ እንዳይሰጥ የውጭ ንግድ ደንቡ ይከለክላል። መውጫው ቀላል ነው፦ «አይደለም»ን ትተው «ነው»ን ይጻፉ። «ዕቃው የጀርመን ምርት ነው» ማለት ይቻላል፤ ደንበኛው የሚፈልገውም መረጃ እዚያው ውስጥ አለ። ቃሉ ኤልሲው ውስጥ ከገባ ግን ባንኩም አይነካውም፤ ዕቃው ሳይጫን ኤልሲው እንዲሻሻል ይጠይቁ።

ጎርፋ በርሊን ላይ በሚያዘጋጀው ጉባኤ ሚኒስትሮች ሲጨባበጡ እናያለን። ለትንሽ ነጋዴ ገበያ ያመጣል?

ፎቶው አያሳስትዎ። ትልቁ ውል በሌላ በር ነው የሚገባው። ሲመንስ ለግብፅ 16,400 ሜጋዋት የኃይል ማመንጫዎች የሚሠራበት የ8 ቢሊዮን ዩሮ ውል የተፈረመው የግብፁ ፕሬዚዳንት ሲሲ በጁን 2015 (በፈረንጆቹ) በርሊን በመጡ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው የመሪዎች ጉዳይ ነው። የጎርፋ ፕሬዚዳንት የነበሩት ፒተር ራምዛወርም ቀድሞ የጀርመን ትራንስፖርት ሚኒስትር ነበሩና፣ ከላይ ያለው መድረክ የማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ለዳቦ ማሽን ላኪ የሚጠቅመው ማኅተም የሚመታበት ጠረጴዛ ነው። አንድ አድራሻ ለማግኘት ብለው ከሆነ አንድ ዓመት አባል ሆነው ይሞክሩ፤ ደንበኛው ራሱ መጥቶ በርዎን ያንኳኳል ብለው ግን አይቀመጡ።

ከአዲስ አበባ ነው። ቡና ወደ ጂዳ እልካለሁ። ይህ ነገር እኔን ይመለከታል?

አይመለከትዎትም። የጎርፋ ማኅተም ከጀርመን ለሚወጣ ዕቃ ነው፤ ኢትዮጵያም የአረብ ሊግ አባል አይደለችም። ጎረቤቶቻችን ጅቡቲ፣ ሱዳንና ሶማሊያ ግን ከ22ቱ አባላት መካከል ናቸው። የእርስዎን መደበኛ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት የሚሰጠው አገር ቤት ያለው ንግድ ምክር ቤት ነው።

ከጂዳ ጋር ለሚጻጻፉት ሁሉ አንድ ነገር ልጨምር። ሳዑዲ ዓርብና ቅዳሜ ታርፋለች፣ ጀርመን ቅዳሜና እሑድ። አብራችሁ የምትሠሩት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ ነው። ጀርመን ያላችሁ፣ ሐሙስ ማታ ለላካችሁት ረቂቅ መልሱ እሑድ ይመጣል፤ የምታነቡት ሰኞ ነው።